«ደህና ናቸው» ብዬ የፈረምኩትን ቃል ስለ መመለስ

ቀን፦ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፦ የለውም፤ ቁጥር ያለው መሥሪያ ቤት እንጂ ቤተሰብ አይደለምና

ለተከበሩ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጥቅምት 27 ቀን በቤታችን በር ላይ ለመሥሪያ ቤትዎ የሰጠሁትን ቃልና ፊርማ መልሼ ስለ መውሰድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎ ነገር እንደሚያሳስበኝ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ወር የጭላሎ ብርድ ጠንከር ስለሚል እግዚአብሔር ጉሮሮዎን፣ ደረትዎንና ጉልበትዎን እንዲጠብቅልዎ፣ የክቡር ባለቤትዎንና የልጆችዎንም ጤና እንዲያበዛልዎ ከልቤ እመኛለሁ። «እንዴት ነዎት?» ብዬ ግን አልጠይቅዎትም። ይህ ከብልግና የመጣ አይደለም። በእኛ ዘንድ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ እንደሆነና መልሱን ሰምቼ ስለ ጤናዎ ምንም እንደማላውቅ ዘግይቼም ቢሆን ስለተማርኩ ነው።

የኋላሸት ካሣዬ እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቀበሌያችን ከአሰላ ወደ ላይ በባጃጅ አርባ ደቂቃ ነው፤ ስሙን የማልጽፈው እርስዎ በሪፖርት ብዛት በሚገባ ስለሚያውቁት ነው። እህቴ ሮሐ ካሣዬ ጥቅምት 25 ተወልዳ ጥቅምት 30 ሞተች። በመዝገብዎ ላይ ግን እስከ ዛሬ «በደንብ ትጠባለች» እንደተባለች አለች። በዚያው መስመር መጨረሻ ላይ ያለችው ፊርማ የእኔ ናት።

ክቡርነትዎን የማስቸኩልበት ምክንያት አለኝ። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ፈይሩዛ ትናንት ሰኞ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ናት። ባለሙያዎ አራስ የምትጎበኝበት ሦስተኛው ቀን ነገ ረቡዕ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለጸሐፊዎ በእጄ እሰጣለሁ፤ ግልባጩንም በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ምስጋናዎቼን በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

1. የመጀመሪያው ምስጋናዬ ስለ ቅልጥፍናችሁ ነው። እናቴ ወይዘሮ አፀደ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በጤና ጣቢያችሁ በሰላም ተገላገለች፤ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ቤታችን ነበርን። በማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት አንዲት ወላድ ቢያንስ ሃያ አራት ሰዓት ትቆያለች ይላል። ይሁን እንጂ አልጋው ሁለት፣ ወላዶቹ አምስት ስለነበሩ ወረቀቱ ብቻውን በእኛ ምትክ እዚያው ቆይቷል።

የመውጫ ካርዱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አዋላጅ ነርሷ አንዱን ጓንት እንኳ ሳታወልቅ ከመሳቢያ አንድ ካርድ አወጣችና የእናቴን ስም ጻፈችበት። የቀረው ሁሉ ቀድሞ ተሞልቶ ነበር። «በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ጀምራለች» ከሚለው ፊት ራይት አለ። «የጡት አያያዟ ታይቷል» ከሚለው ፊትም ራይት አለ። መሳቢያው ክፍት ስለነበር ከሥር የተደረደሩትን ካርዶች አየኋቸው፤ በሁሉም ላይ ያው ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያው ራይት ነው፤ የጎደላቸው ስም ብቻ ነው። ባለቤቶቻቸው ገና በእናቶቻቸው ሆድ ውስጥ ናቸው፤ በደንብ መጥባታቸው ግን ከወዲሁ ታውቋል። የዚያን ዕለት ይህ ነገር ምንም አልከነከነኝም። እንዲያውም የነርሷ ጽሕፈት ቀጥ ያለ መሆኑን ሳደንቅ ነበር። እናቴ አጠገብ ተቀምጣ የሮሐን አፍና የእናቴን ጡት ለማየት ጊዜ ያጣችው ያቺ ነርስ በዚያው ሰዓት በሁለተኛው አልጋ ላይ ሌላ ሴት እየጮኸችባት ነበርና እሷን አልወቅስም። ካርዶቹን በትርፍ ጊዜዋ እንድትሞላ ያዘዛት ሰው ግን ትርፍ ጊዜ ከየት እንዳገኘላት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

2. ሁለተኛው ስለ ትምህርቱ ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ ተልከው ወደ ትምህርት ቤታችን ጤና ክበብ የመጡት ሰው «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ» የሚለውን በመዝሙር አስተምረውናል፤ ሰባት አንጓ አለው፤ ሁሉንም በቃሌ እወጣዋለሁ። ሮሐ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ማታ አክስቴ ዘመናይ የሮሐ ከንፈር መድረቁን አይታ ስኳር በውሃ በጥብጣ ልታቀምሳት ስትል ከፊቷ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። «እትዬ፣ ክልክል ነው፤ ተምረናል» አልኳት። እሷም «እናንተ የተማራችሁ ታውቃላችሁ» ብላ ብርጭቆውን ከመደቡ ላይ አስቀመጠችው።

ምክሩ ትክክል ነው። በኋላ ያገኘኋት ሐኪምም ትክክል እንደሆነና የስኳር ውሃው እህቴን እንደማያድናት ነግራኛለች። ታዲያ በሰባቱ አንጓ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ጎድሎ ነበር። ጡት ብቻ ስጡ የተባለ ቤት፣ ከጡቱ ወደ ልጅቱ ሆድ የሚገባ ነገር መኖሩን በዓይኑ ማየት እንዳለበት የሚናገር መስመር አልነበረም። የሕፃን ከንፈር ሲደርቅ ብርጭቆ መከልከል ብቻ እንደማይበቃ፣ ያን ጊዜ ልጅ ታቅፎ ወደ ሐኪም መሮጥ እንደሚገባ አልተዘመረልንም። እኔ የተማርኩትን ግማሽ ይዤ ሙሉ እንዳለው ሰው ቆምኩ። አክስቴ አሁን እኔን ስታይ አንገቷን ትደፋለች፤ እኔ ደግሞ እሷን ሳይ ከቤት እወጣለሁ።

3. ሦስተኛው ስለ ቤት ለቤት ጉብኝቱ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብል ይቅር ይበሉኝ።

በእኛ ሰፈር አራስ ቤት ማንም ዘው ብሎ እንደማይገባ እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎትና ያውቁታል። የክርስቲያኑም የእስላሙም ቤት በዚህ አንድ ነው። ከፀሐይ የመጣ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱ ይወጣለታል። እናት ስታጠባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ትመልሳለች፤ ጋቢውን ከራሷ እስከ ልጇ እግር ድረስ ትደርባለች፤ ዓይን ይፈራል። እናቴ እኔን ከወለደች ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ያገኘቻት ልጅ ስለሆነች ጋቢው ድርብ ነበር። ከጋቢው ሥር የሚሆነውን አባቴ አላየም፤ አክስቴም አላየችም፤ እኔማ ሕፃኗን ያወቅኋት በአብዛኛው በእግሯ ጫፍ ነው። እናቴ ራሷ በጨለማው ውስጥ በእጇ እየዳሰሰች ነበር የምትሰጣት። ጡቷ ቆስሎ ሲያማት ደግሞ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች፤ በእኔም ጊዜ አሟት እንደነበርና የእናት ነገር እንዲሁ እንደሆነ አስባ ነው።

ረቡዕ ጥቅምት 27 ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችሁ እህት ሙቢና መጣች። የእኔ የትምህርት ፈረቃ ከሰዓት ስለነበር በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ስለ አራስ ቤት ያለውን ሥርዓት አሳምራ ስለምታውቅ ልግባ ብላ አላስቸገረችንም። መዝገቡን በክንዷ ላይ ዘርግታ ከበሩ ሳታልፍ ጠየቀችኝ።

«እናትህ እንዴት ናት?»
«እግዚአብሔር ይመስገን።»
«ትንሿስ?»
«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ናቸው።»
«ትጠባለች አይደል?»
«በደንብ።»
«ጎበዝ፤ በል እዚህች ጋ ፈርምልኝ።»

ክቡር ሆይ፣ ይህ ሁሉ የተባለው እግዜር ይስጥልኝ በሚባልበት ድምፅ ነው። እኔ መንገድ ላይ ለማገኘው ሰው የምመልሰውን ነበር የመለስኩት። ቤት ውስጥ ሰው ታሞ፣ ከብት ጠፍቶ፣ እህል በረዶ መትቶት እንኳ ቢሆን ለሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል፤ ችግሩ የሚነገረው ገብቶ ከተቀመጠና ሁለተኛ ከተጠየቀ በኋላ ነው። እህት ሙቢና አልተቀመጠችም፤ ሁለተኛም አልጠየቀችም፤ ጽሕፈት ቤትዎ ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሆን ሰዓት አልሰጣትም። ሰላምታችንን ተቀብላ በምርመራ ውጤት ቦታ ጻፈችው። አንድ መሥሪያ ቤት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊርማዬን ስለጠየቀኝ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ትምህርት ቤት ደብተር ላይ ስለማመደው የከረምኩትን፣ «የ»ዋን የማዞርባትን ፊርማ ነው ያሰፈርኩልዎት። ለሰጡኝ ክብር አመሰግናለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መዝገብዎ ስለማይጠይቅ በራሴ ፈቃድ ላሟላልዎ።

ሐሙስ ዕለት የእናቴ ጡት አጋተ። እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ ትኩሳትም ያዛት። ሴቶቹ ደስ አላቸው። «ወተትማ ሞልቷል፤ ይቺ ልጅ ታድላለች» ተባለ። ወተቱ እዚያው መቅረቱን፣ ልጅቱ ጫፉን ብቻ ይዛ ሳትስበው እንቅልፍ እንደሚወስዳት ያወቀ አልነበረም። ሮሐ አታለቅስም ነበር። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» እያለ መርቋት ይሄዳል። ዓርብ ጠዋት አክስቴ ያዘጋጀናቸውን ጨርቆች ቆጥራ ብዙዎቹ እንደታጠፉ መሆናቸውን ስታይ «ንጹሕ ናት፤ ሥራ አላበዛችብኝም» አለች። ከእነሱ በአንዱ ላይ የሸክላ ዱቄት የመሰለ ቀይ ነጠብጣብ ነበር፤ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከማዘያው ቀለም የለቀቀ መሰለኝ፤ ውሃ ያጠረው ሕፃን ሽንት እንደሆነ ሐኪሟ በኋላ ነገረችኝ። ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ፀሐይ ስላላገኘች ነው ተባለ። አባቴ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ተራ ሲጠብቅ ማሳ ላይ ስለሚውል ማታ ይመጣና በሹክሹክታ «ተኝታለች?» ይላል። «ተኝታለች» እንለዋለን። እንዳይቀሰቅሳት ጫማውን ውጭ አውልቆ ነበር የሚገባው።

ቅዳሜ ጠዋት አልነቃ አለች። እናቴ ጋቢውን ያን ጊዜ ነው የጣለችው። የጎረቤታችን የፈይሩዛ ባል ሚፍታ ባጃጅ አስቁሞ አመጣልን፤ እናቴ፣ አክስቴና እኔ ወደ አሰላ ወረድን። እዚያ ያገኘችን ወጣት ሐኪም የሮሐን ሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደታጠፈ ቀረ። ግሉኮስ የሚሰጥበት የደም ሥር እየፈለጉላት ሳለ ሐኪሟ ወደ እናቴ ዞራ ጡቷን እንድታሳያት ጠየቀቻት። አይታ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ አልወሰደባትም። «ልጅቱ አልያዘችውም፤ ጫፉን ብቻ ነው የነከሰችው፤ ለዚህ ነው የተሰነጠቀው» አለች። ቀጥላም «በቀን ስንት ጊዜ ትሸና ነበር?» ብላ ጠየቀች። «ስትጠባ ማን አይቷታል?» አለች።

ይህ ጥያቄ ለማን እንደቀረበ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሐኪሟ ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ማንንም አልወቀሰችም፤ የምትጽፈው ወረቀት ላይ ክፍት ቦታ ስለነበር ብቻ ነው የጠየቀችን። እኔ ግን ፊደል ስቆጥር፣ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ፣ እናቴ «ብላ እንጂ» ስትለኝ እሰማዋለሁ። ሮሐ ስድስት ሰዓት ላይ ሞተች። ሰማንያ ቀኗ ስላልደረሰ ክርስትና አልተነሣችም ነበርና ፍትሐት አልተደረገላትም። ጉድጓዱን አባቴና ሚፍታ ቆፈሩ። ጉድጓዱ አጭር ስለሆነ ቶሎ አለቀ፤ ሁለቱም አካፋቸውን ይዘው ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ አላውቅም። ከቀብር ስንመለስ የእናቴ ቀሚስ ከደረቷ በታች በወተት ርሶ ነበር። አክስቴ በነጠላ ጥፍር አድርጋ አሰረቻት። ለአሥራ አንድ ቀን አልቆመም።

4. ስለ ትጋታችሁ። ባለፈው ሐሙስ ታኅሣሥ 10 ከጤና ጣቢያችሁ ወደ እናቴ ስልክ ተደወለ። «የሮሐ ካሣዬ እናት ነዎት? ልጅዎ ዛሬ አርባ አምስት ቀኗ ስለሆነ ለክትባት ያምጧት» የሚል በጣም ትሑት ድምፅ ነበር። እናቴ አልተቆጣችም። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችና ተነሥታ የማዘያውን ጨርቅ ከሣጥን አወጣች፤ አጥፋ መልሳ አስገባችው። በመላ ቀበሌው እህቴ በሕይወት መኖሯን የሚያምን አንድ ቦታ ቢኖር የእናንተ መዝገብ ነው። ይህን ስጽፍ መዝገቡን ማሰረዝ የምፈልግ መሆን አለመሆኔን ለጊዜው ተጠራጠርኩ።

5. ስለ እንስሳት እርባታ ጽሕፈት ቤት ጎረቤቶችዎ። ላማችን መስከረም ላይ ስትወልድ የእንስሳት ጤና ባለሙያው መጥቶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ አራቱንም ጡቶች በየተራ አለበ፤ ጥጃው እንገሩን ሲጠባ እስኪጠግብ ቆሞ አየ፤ ጅራቱን ሲያወዛውዝ «አሁን ገብቶለታል» ብሎ ነው የሄደው። እኛም ላሟን «እንዴት ነሽ?» ብለን አልጠየቅናትም። የእናቶችንና የላሞችን አገልግሎት እኩል ያድርጉልን ብዬ ከአቅምዎ በላይ አልጠይቅም፤ ቀስ በቀስ ይደረስበታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ኃላፊነቱን ለመሸሽ የጻፍኩ እንዳይመስልዎ። በእናንተ ካርድና በእኛ ጋቢ መካከል የቆምኩት እኔ ነበርኩ። «ግቢና እዪያት» ብል እህት ሙቢና ትገባ ነበር፤ ሁለት ቀበሌ ብቻዋን የምታዳርስ፣ ጓደኛዋ ወደ ሮቤ ተዛውራ ምትክ ያልተላከላት ሴት ናት እንጂ ልበ ደንዳና አይደለችም። ለቅሶ መጥታ በረንዳችን ላይ ስትቀመጥ መዝገቡን አልያዘችም ነበር፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ስታሻሽ አየኋት። ስለዚህ የምጠይቅዎ ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ትንንሽ ናቸው።

መጀመሪያ ጥቅምት 27 «በደንብ» ያልኩት ሳላይ የተናገርኩት ነውና በመስመሩ ላይ ይሰረዝልኝ። በቦታው «አልታየም» ተብሎ ይጻፍ። ፊርማዬ እዚያው ይቅር፤ ላልታየው እኔም ልፈርም።

ሁለተኛ፣ በመዝገቡ ላይ «ትጠባለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይውጣና በቦታው «ስትጠባ አይቻለሁ» የሚል ይግባ፤ የሚፈርመውም ያየው ሰው ይሁን። አፏ ሰፍቶ መያዙን፣ ስትውጥ መሰማቱን፣ በቀን ስንት ጨርቅ እንዳረጠበች፣ እናትየዋን የሚያማት መሆኑን ይመልከት። እነዚህን አራት ነገሮች ሐኪሟ በአንድ እስክሪብቶ በእጄ መዳፍ ላይ ጽፋልኝ ነው የወጣሁት፤ ከእንባዬ ጋር እንዳይጠፋ ባጃጁ ውስጥ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ከፍ ያለ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ፈይሩዛ ናት። ትናንት ማታ ባሏን ሚፍታን «ፈይሩዛ እንዴት ናት?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ለካ እኔም አልተማርኩም። «አልሐምዱሊላህ» አለኝ። የእሱ አማት በኦሮምኛ «ኡልማ» በሚባለው የአራስነት ወቅት በልጃቸው ቤት ሰው እንዳይበዛባት ከአርቦዬ ድረስ መጥተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ እንደ አክስቴ ጠንካራ ሴት ናቸው። ጋቢውም እንደ እናቴ ጋቢ ወፍራም ነው። እናቴ ከአጥሩ ወዲህ ሆና የሕፃኗን ድምፅ ታዳምጣለች። ሕፃኗ ስታለቅስ የእናቴ ፊት ይፈታል፤ ሕፃኗ ዝም ስትል ግን የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ ትቆማለች። ገብታ ልታያት አልደፈረችም፤ ልጅ የቀበረች ሴት አራስ ቤት አትገባም ይባላል፤ እኔም ወንድ ነኝ። ለፈይሩዛ የቀራት የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ስገልጽልዎ ክቡርነትዎ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ።

ይህን ያህል ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሮሐ ከተሰጣት ጊዜ ግን አልበለጠም።

ካርዶችዎ ሳይሞሉ እንዲጠብቁዎ፣ በሮች ሁሉ እንዲከፈቱልዎና ገብተው እንዲቀመጡ እየተመኘሁ፣ በሞተችው ልጅ ስም ሳይሆን በሕይወት ባለችው በፈይሩዛ ልጅ ስም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የኋላሸት ካሣዬ
የሮሐ ወንድም

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለትምህርት ቤታችን ጤና ክበብ፣ ስምንተኛ አንጓ እንዲጨመርበት
ለእህት ሙቢና፣ ከይቅርታ ጋር

ማስታወሻ፦ ይህን በሰሌዳው ላይ ባለው ግልባጭ ግርጌ የጨመርኩት ረቡዕ ታኅሣሥ 16 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከእርስዎ ዘንድ መልስ አልመጣም፤ እህት ሙቢና ግን በአራት ሰዓት መጣች። የሚፍታ በር ላይ ቆማ መዝገቡን ዘረጋች። የሚፍታ አማት «አልሐምዱሊላህ» አሏት። እስክሪብቶዋን እንዳነሣች እናቴ ከአጥሩ ወዲህ ሆና፣ ከቀብሩ ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ሙቢና፣ ግቢ!» አለቻት። አማቲቱ ወደ እናቴ አዩና ከበሩ ላይ ተነሡ። እህት ሙቢና እጇን ታጥባ ገባች፤ ስትወጣ ለእናቴ እንደነገረቻት ጋቢው ተገለጠ፤ ሕፃኗ ጫፉን ብቻ ይዛ ነበር፤ የፈይሩዛም ጡት ተሰንጥቆ ይደማ ነበር። አስተካክላ እስክታስይዛት፣ ስትውጥ እስክትሰማና ሌላውንም ጡት እስክታይ ሦስት ሰዓት ፈጀባት፤ ማታም ተመልሳ እንደምታያት ተናግራ ወጣች። በዚህ ምክንያት ዛሬ ልታዳርሳቸው ከሚገቡ አሥራ አንድ ቤቶች የደረሰችው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የዛሬ የቀበሌያችን አፈጻጸም ከመቶ በመቶ ወደ ዘጠኝ በመቶ ይወርዳል። በእሷ ላይ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍዎ በፊት ቁጥሩን ደግመው እንዲያዩት በትሕትና እለምናለሁ፤ ከእኛ ቀበሌ የደረሰዎት የመጀመሪያው እውነተኛ ቁጥር ነው።